ሰባተኛው ተጠማቂ

ሚኒባሱ የሽሮ ሜዳን ዳገት ሲያያዘው ሠርካዲስ ጭን ላይ ያለው ፌስታል ይንኳኳ ጀመር። አዋጁ ነው፣ መኪናው በግማሽ ሰው ብቻ ነው የሚሄደው። ተሳፋሪው ሁሉ እንደተጣላ ባልና ሚስት ተራርቆ ፊቱን ወደየመስኮቱ አዙሯል። እንዲህ ዝም ባለ መኪና ውስጥ ጠጠር ሲንኳኳ ይሰማል።

«ማዘር፣ ፌስታሉ ውስጥ ምንድነው?» አለ ረዳቱ፣ ማስኩን አገጩ ላይ እንደ ጢም አንጠልጥሎ።

«ልብስ።»

«ልብስ እንዲህ ይንኳኳል እንዴ?»

«ጠጠር ተሰፍቶበት ነው።»

ረዳቱ ጥቂት አሰበ። «በቃ፣ ይሄ ኮሮና ያላመጣው ፋሽን የለም» አለና ወደ በሩ ዞረ።

ሠርካዲስ አላብራራችለትም። የእንጦጦ ግርጌ ባፕቲስት አጥቢያ የጥምቀት ልብስ ጠባቂ ከሆነች አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። የምታጥበው፣ የምትተኩሰው፣ በተጠማቂው ልክ የምታዘጋጀው እሷ ናት። በመጀመሪያው ዓመቷ አንዲት ጠና ያለች እህት ወደ ገንዳው ስትገባ ነጩ ልብስ አየር ሞላበትና እንደ ጃንጥላ ተከፍቶ ወደ ላይ ወጣ። መዘምራኑ መዝሙራቸውን ረሱት፣ ወንዶቹ ጣሪያ ጣሪያውን አዩ። ያን ቀን ጋሽ መሸሻ ወደ ጓዳ ጠሯትና «ጨርቅ የሚታዘዘው ጫፉ ሲከብደው ነው» አሏት። ሸማኔ ናቸው፣ ጨርቅ ያውቃሉ። ከዚያ ወዲህ በየልብሱ ዘርፍ ላይ ከፊት አራት፣ ከኋላ አራት ጠጠር ትሰፋለች። ልብሶቹንም የሸመኑት እሳቸው ናቸው፤ ዲያቆኑ፣ የደቀ መዝሙር ትምህርት አስተማሪው፣ በደርግ ጊዜ ሲጠመቁ ተይዘው የታሰሩት ጋሽ መሸሻ።

ትናንት ከሰዓት ፓስተር ሲላስ ደውሎ «እህት ሠርካዲስ፣ ነገ ጋሽ መሸሻ ቤት አንድ የጥምቀት ልብስ ይዘው ይምጡ፤ ለማንም አይንገሩ» ሲላት ግራ ገባት። ቤተ ክርስቲያኑ ከተዘጋ ወር አልፎታል። ገንዳው ደርቆ ጥበቃው ወንበር ደርድሮበታል። ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ክልክል ነው። የሚጠመቀውን ሰው ልክ ብትጠይቀው «ይምጡ ብቻ» ብሎ ስልኩን ዘጋ። ስለዚህ ትንሹን፣ መካከለኛውንና ትልቁን ሦስቱንም ይዛ፣ ሃያ አራት ጠጠር ታቅፋ ነው ዳገቱን የምትወጣው።

ሽሮ ሜዳ ሱቆቹ ግማሽ በር ከፍተዋል። ሠርግ ስለሌለ የሀበሻ ቀሚስ የሚገዛ የለም፤ የነጠላ ቁራጭ ወደ ማስክ ተለውጦ፣ ጥለት ያለውም የሌለውም በየበሩ ተሰቅሏል። ሠርካዲስ ከዋናው መንገድ ታጥፋ በሸማኔዎቹ መንደር ገባች። ወትሮ ከየቤቱ የሚሰማው የመወርወሪያ ቅልጥፍጥፍ ድምፅ ዛሬ ከሁለት ቤት ብቻ ይሰማል።

በሩ ላይ ባልዲና ሳሙና ነበር። የጋሽ መሸሻ ልጅ ገበያነሽ ውኃውን በጣሳ ቀድታ እያስታጠበቻት «እንኳን መጣሽ እትዬ ሠርካዲስ» አለች። «አንቺ ደግሞ ተናገሪያቸው። እኔን አልሰማ ብለዋል።»

«ምኑን?»

«ግቢና እይው።»

ገብታ አየችው። የሽመናው ዕቃ ተነቅሎ ግድግዳ ተደግፏል። ጋሽ መሸሻ አርባ ዓመት ሙሉ ጠርዙ ላይ ተቀምጠው እግራቸውን የሚያንጠለጥሉበት ጉድጓድ በቁመትም በጥልቀትም ተቆፍሮ ሰፍቷል። ውስጡ ሰማያዊ ሸራ ተነጥፎበት ከግማሽ በላይ ውኃ ይዟል። ፓስተር ሲላስ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ፣ ውኃ የቋጠረውን መዳፉን እያየ ጠርዙ ላይ ቁጢጥ ብሏል። ሁለት ቀን የቆፈረው እሱ ነው። መጽሐፍ ቅዱስ ብቻ የለመደ መዳፍ ነው።

ጋሽ መሸሻ አልጋቸው ላይ በትራስ ተደግፈዋል። ልባቸው ከደከመ ወዲህ እግራቸው አብጦ ካልሲ አይገባላቸውም፣ ሲናገሩም በየሦስት ቃሉ ያርፋሉ።

«ሦስት ነው ያመጣሁት» አለች ሠርካዲስ ከሰላምታው በኋላ። «ተጠማቂው የታለ?»

ገበያነሽ በድንገት የሚነሳ ዕቃ ያገኘች ይመስል ወደ ጓዳ ገባች።

«ትልቁን አውጪው ሠርኬ» አሉ ጋሽ መሸሻ። «ለእኔ ነው።»

ሠርካዲስ ሳቀች። ብቻዋን መሳቋን ስታውቅ አቆመች።

«እርስዎማ... ማለቴ፣ በሰባ አንድ። ወንዙ።»

«ወንዙ ዳር» አሉ። «ውስጡ አይደለም።»

ከዚያ ነገሯት። አጥቢያው ሁሉ ታሪኩን በቃሉ ያውቀዋል፤ በየዓመቱ ለአዲስ ተጠማቂዎች ይነገራል። ቤተ ክርስቲያን ተዘግቶ ምእመኑ በየቤቱ ተደብቆ በሚጸልይበት ዘመን፣ ሰኔ መግቢያ ላይ፣ ሰባት ወጣቶች በንጋት ከእንጦጦ ሥር ወደሚወርደው ወንዝ ሄዱ። አብዮት ጠባቂዎች ደረሱባቸው። ከሰባቱ አንዱ መሸሻ፣ የሃያ ሰባት ዓመት የጋሞ ልጅ፣ ሌሎቹ እንዲያመልጡ ብሎ ገና ከውኃው እንደወጣ በሩጫ ወደ ጠመንጃዎቹ ሄደ። አሥራ አንድ ወር ታሰረ። ታሪኩ ይኸው ነው።

«ዘብ ነበርኩ» አሉ ጋሽ መሸሻ። «ቋጥኙ ላይ ቆሜ። ስድስቱ እስኪጠመቁ እኔ ልጠብቅ፣ ከዚያ አንዱ ይተካኛል ተባባልን። ስድስተኛዋ ዓለሜ ነበረች። እሷ ስትወጣ፣ እኔ ልወርድ አንድ እግሬን ሳነሳ፣ ጠመንጃ አየሁ። አፏጨሁ። እነሱ ሮጡ።»

«እርስዎስ?»

«እግሬ እምቢ አለኝ።» አረፉ። «ወደ ጠመንጃው ሮጠ የሚሉት ሌላ ሰው ነው። እኔ ቋጥኙ ላይ እንደ ችካል ቀርቼ ነው የያዙኝ። ደረቅ ነበርኩ። ወደ ከፍተኛው ጽሕፈት ቤት ሲወስዱኝ ግን ዝናብ ጣለ። የከፍተኛው ጓድ ሊቀመንበር ፊት ስቀርብ ከራስ ፀጉሬ እስከ ጫማዬ ይንጠባጠባል። አንዴ አየኝና ጻፈው፦ ሲጠመቅ የተያዘ።»

ከትራሱ ሥር በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት አወጡ። የመፈቻቸው ወረቀት ነው፣ ክብ ማኅተም አለው። ሠርካዲስ መነጽሯን አድርጋ አነበበችው። እውነትም ይላል።

«ያለኝ የጥምቀት ምስክር ወረቀት ይሄ ነው» አሉ ጋሽ መሸሻ። «የሰጠኝ ደርግ ነው። መዝገባችን ላይ የሰፈረውም ከዚሁ ተገልብጦ ነው።»

«ለምን አልተናገሩም?»

«ስፈታ ወንድሞች አቅፈው አለቀሱ። የመጀመሪያ ቀን ደስታቸውን ላለማበላሸት ዝም አልኩ። በማግስቱ፣ ትናንት ለምን ዝም አልክ እንዳይሉኝ ዝም አልኩ። ከዚያ በኋላ ሠርኬ፣ ቀኑ ራሱ ይቆጠራል።» ጣሪያውን አዩ። «ስንት ልብስ ሸመንኩ። አንዱንም አልለበስኩ። ባለፈው ሳምንት ሲላስ የአጥቢያው ቴሌግራም ላይ ጸልዩላቸው ብሎ ጻፈ፤ 'በሰባ አንድ በመከራ ውኃ የተጠመቁት አባታችን' ይላል። ሁለት መቶ ሰው አሜን አለበት። እንግዲህ ያን አሜን ይዤ ልሞት ነው?»

ሲላስ ከጉድጓዱ ጠርዝ ሳይነሳ ተናገረ። ሰላሳ አራት ዓመቱ ነው፤ በሰባት ዓመቱ ከዚሁ ጠርዝ ማዶ ተቀምጦ ፊደልም ወንጌልም ከእሳቸው ተምሯል። «ጋሽዬ፣ ጥምቀቱን ዛሬ እናድርገው። አራት ሰዎች ነን፣ አዋጁም አይከለክልም። መናገሩ ግን ሽማግሌዎች ይነጋገሩበት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ... ይታያል።»

«የመጀመሪያው ሳምንት ትምህርት ምን ነበር፣ ሲላስ ልጄ?»

ፓስተሩ አንገቱን ደፋ። «ጋሽዬ፣ አሁን...»

«ጥምቀት ምንድን ነው?»

«በልብ የሆነውን በምስክር ፊት መግለጥ ነው» አለ ሲላስ፣ እንደ ልጅ።

«በምስክር ፊት። እንግዲህ እኔ ተደብቄ ገብቼ ተደብቄ ብወጣ የታጠብኩ እንጂ የተጠመቅኩ እሆናለሁ? እሑድ በቴሌግራም ስትሰብክ ስልኩን ስጠኝ። በራሴ አፍ እነግራቸዋለሁ።»

«እርስዎ ያስተማሯቸው ስንት ናቸው? ገንዳው ውስጥ ጎኔ ቆመው አብረውኝ ያጠመቋቸውስ? ነገ ተነስተው የኛስ ጥምቀት ምኑ ነው ቢሉኝ ምን ልመልስ?»

«አጥማቂውን አይተህ ሳይሆን ጌታን አይተህ ነው የምትጠመቀው በላቸው። ስምንተኛው ሳምንት ላይ አለ። አስተምሬሃለሁ።»

«እኔስ?» አለ ሲላስ። «እኔን እጄን ይዘው ያወረዱኝ እርስዎ ነዎት።»

ጋሽ መሸሻ ለዚህ ስምንተኛ ሳምንት አላገኙለትም። እጃቸውን ዘርግተው የተላጠውን መዳፉን ያዙት።

እዚህ ላይ ነው ገበያነሽ የፈላ ውኃ የያዘ ትልቅ ድስት ይዛ ከጓዳ የወጣችው። ቅዝቃዜው አባቷን እንዳይገድልባት ከማለዳ ጀምራ ስታፈላ ነበር። ጠርዙ ላይ ስትደርስ ቆመች።

«ፓስተር፣ ውኃው የት ሄደ?»

ሁሉም አዩት። ሸራው አንድ ቦታ ተቀዷል፤ መሬቱ በቀዳዳው ሳይቸኩል ይጠጣል። እነሱ ስለ ምስክር ሲከራከሩ ውኃው ከወገብ ወደ ጉልበት ወርዷል። ገበያነሽ የፈላውን ገለበጠችው። እንፋሎት ወጣ፣ ልኩ ግን አልጨመረም።

«ሌላ ጀሪካን የለም?» አለች ሠርካዲስ።

«ያለው ይኸው ነበር። ቧንቧ የሚመጣው ሐሙስ ነው፣ እሱም ከመጣ።» ገበያነሽ ድስቱን አስቀመጠች። «በቃ በላያቸው ላይ አፍስሱላቸው። እግዜር ሊትር ይቆጥራል እንዴ?»

ሲላስ ቀና ብሎ አሮጌውን ሰው አያቸው። ፊቱ ላይ ልመና ነበር። «ጋሽዬ፣ ከሕመምዎ አንፃር... ማፍሰስም...»

«ሃያ ዘጠኝ ዓመት» አሉ ጋሽ መሸሻ፣ «'መርጨትም ማፍሰስም ጥምቀት አይደለም፤ ሙሉ በሙሉ መጥለቅ ነው' ብዬ አስተምሬ፣ ኦርቶዶክስ ጎረቤቶቼን ስንት ቀን ተከራክሬ አስቀይሜ፣ አሁን ለራሴ ሲሆን በጣሳ?» መሳቅ ጀመሩ፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠባቸው። ሳሉ ሲለቃቸው «በማፍሰስ ቢሆንማ» አሉ፣ «ያኔ ዝናቡ ጨርሶት ነበር።»

ሐሙስ ተባለ። ሲላስ ሸራውን በጎሚስታ ቤት ማጣበቂያ ሊጠግን ወሰነ። ገበያነሽ ቧንቧው ላይ ጎማ ሰክታ፣ ጫፉን ጉድጓዱ ውስጥ ጣለችና ቧንቧውን ከፍታ ተወችው። በዚህ ሰፈር ውኃ ሲመጣ የሚሰማው እንዲህ ነው። እሑድ ደግሞ በራሳቸው አፍ ይናገራሉ፤ ሲላስ ቃል ገባ። ሠርካዲስ ስትወጣ ጋሽ መሸሻ ትልቁን ልብስ ጭናቸው ላይ አድርገው ዘርፉን በጣታቸው ይዳብሱ ነበር።

«ስፌትሽ ጥሩ ነው» አሏት። «ጠጠሩ አይወድቅም።»

ረቡዕ ማለዳ ገበያነሽ ደወለች። «እትዬ ሠርካዲስ፣ ነይ» ብቻ አለች።

የጋሽ መሸሻ ሬሳ ታጥቦ ነበር፤ የቀረው ልብሱ ነው። ገበያነሽ ትልቁን የጥምቀት ልብስ አልጋው ላይ ዘርግታዋለች። «ይሄን ነው የማለብሳቸው። የራሳቸው ሽመና ነው» አለች። ከዚያ ዓይኗን ዘርፉ ላይ ተክላ «ጠጠሩን ግን አውጪላቸው። አይክበዳቸው» አለች።

ሠርካዲስ አልጋው ጫፍ ተቀምጣ በምላጭ ስፌቱን ፈታች። መሬት ውስጥ ልብስ አይንሳፈፍም። ከፊት አራት፣ ከኋላ አራት። ስምንቱን ጠጠር ኪሷ ከተተችው።

ሐሙስ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ፣ ወንጌላውያን በሚቀበሩበት ጉለሌ መካነ መቃብር፣ የተፈቀደው ሰው ብቻ ተራርቆ ቆመ። ሌላው ምእመን እንዲሰማ ስልክ በእንጨት ላይ ታስሮ ቴሌግራሙ ተከፍቷል። ያላለቀሰ የለም፤ ማስክ ሲረጥብ አፍንጫ ላይ ስለሚጣበቅ ግን ለቅሶው ሁሉ የታፈነ ነበር።

ሲላስ ወደ ሠርካዲስ ጠጋ ብሎ አንድ ገጽ ወረቀት ሰጣት። «የሕይወት ታሪካቸውን እርስዎ ያንብቡልኝ። እኔ አልጨርሰውም።»

ከማንበቧ በፊት በዓይኗ ወረደችው። በ1944 ዓ.ም. ጨንቻ ተወለዱ፤ በአሥራ አራት ዓመታቸው ሽመና ሊሠሩ አዲስ አበባ መጡ፤ ጌታን አገኙ። ከዚያ አምስተኛው መስመር ላይ፣ ከመዝገቡ እንዳለ ተገልብጦ፦ «በ1971 ዓ.ም. በውኃ ተጠምቀው ስለ እምነታቸው ታሰሩ።»

«ፓስተር፣ ይቺ መስመር...»

«እህት ሠርካዲስ» አለ በሹክሹክታ። «ዛሬ ቢነገር 'አልተጠመቁም' የሚለው ብቻ ነው የሚቀረው። 'ልንጨርሰው ነበር' ብንል ማን ያምነናል? ገበያነሽን ያስቧት።»

ሠርካዲስ ገበያነሽን አሰበቻት። ከሬሳ ሣጥኑ አጠገብ ቆማለች፤ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ እጇን አጣጥፋ፣ ማንንም ሳታይ። መልስ የሚገኝበት ፊት አልነበረም።

ማንበብ ጀመረች። አንደኛው መስመር፣ ሁለተኛው። አንድ እጇ ኪሷ ውስጥ ነበር። ጠጠሮቹን አንድ በአንድ ስትነካ አራተኛው መስመር አለቀ። ቆመች። የታሰረው ስልክ ወደ እሷ ያያል። ከዚያ ወዲያ ሁለት መቶ ሰው አሜን ለማለት ተዘጋጅቶ ይጠብቃል።

«በ1971 ዓ.ም.» አለች ሠርካዲስ፣ «ስድስት ወንድሞችና እህቶች ሲጠመቁ ቋጥኝ ላይ ቆመው ዘብ ጠበቁ። ተራቸው ሳይደርስ ተያዙ። አልተጠመቁም። ይህን እሑድ በራሳቸው አፍ ሊነግሩን፣ ዛሬ ሐሙስ ደግሞ በሦስት ሰው ፊት ሊጠመቁ ቀጠሮ ነበራቸው።»

አንድ ሽማግሌ አሳለ። ሲላስ ዓይኑን ጨፈነ።

«አሜን» አለች ገበያነሽ፣ ብቻዋን፣ ጮክ ብላ።

ሠርካዲስ የቀረውን አንብባ ጨረሰች።

ወደ ሽሮ ሜዳ ሲመለሱ ሲላስ ከፊት ወንበር ተቀምጦ ስልኩን ያያል። አንድም ሰው አልጻፈም። ከዚያ አንድ የድምፅ መልእክት መጣ። ጎተራ አካባቢ ከልጇ ጋር የምትኖር የሰባ ዓመት አሮጊት ናት። ሲላስ ከፈተው።

«ዓለሜ ነኝ። ስድስተኛዋ እኔ ነበርኩ። ፉጨቱን ስሰማ ፀጉሬ ገና ይንጠባጠብ ነበር፣ ከኔ በኋላ ማንም ውኃ አልገባም። አውቅ ነበር። አርባ አንድ ዓመት፣ ራሱ ይናገር እንጂ እኔ አላዋርደውም እያልኩ ቆየሁ። እሱም ዝም፣ እኔም ዝም። ምነው አንድ ቀን እንኳ 'መሸሻ፣ ና እንሂድና እንጨርሰው' ብዬው ቢሆን።» ከዚያ የትንፋሽ ድምፅ ብቻ ነበር፤ መዝጊያውን ማግኘት አቅቷት መሆን አለበት።

ሲላስ ስልኩን ገልብጦ ጭኑ ላይ አደረገው። ማስኩን ወደ ዓይኑ ሳበ።

የቤቱ ደጃፍ ሲደርሱ ምድሩ እርጥብ ነበር። በበሩ ሥር ቀጭን ውኃ እየወጣ ወደ መንገዱ ይወርዳል። ገበያነሽ በሩን ከፍታ እዚያው ቀረች።

ቧንቧው መጥቷል። ማክሰኞ የተጠገነው ሸራ አንዲት ጠብታ አላስወጣም። ጎማውን ከጉድጓዱ ማውጣት በለቅሶው መካከል ማንም ትዝ አላለውም፣ ውኃውም ሬሳው ከወጣ ጀምሮ ሲሞላ ውሎ እስከ ጠርዙ ደርሶ፣ አልፎም ወለሉን ሸፍኗል። የሽመናው እንጨት ግድግዳ እንደተደገፈ ውኃው ውስጥ ይታያል። ሁሉም ነገር ተዘጋጅቷል።

ሲላስ ጠርዙ ላይ ተንበረከከ። እጁን እስከ ክንዱ ውኃው ውስጥ ሰደደ።

ገበያነሽ ቧንቧውን ዘጋች። ለረጅም ጊዜ ውኃውን አየችው። ከዚያ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሸርጣ ወደ በሩ ወጣችና ወደ ጎረቤት ተጣራች፦ «ጀሪካን ያላችሁ ኑ ቅዱ! ውኃው ንጹሕ ነው። እስከሚቀጥለው ሐሙስ የለም።»

ጎረቤቶቹ ለለቅሶ ደርሰው ቢጫ ጀሪካን ይዘው መጡ። እየተራራቁ፣ ተራ እየጠበቁ፣ ነፍስ ይማር እያሉ ቀዱ። በተቀዳ ቁጥር ውኃው መልሶ ይረጋጋል፣ መልሶ ይቀዳል። ሠርካዲስ እጅጌዋን ሰብስባ አንዲቱን ጀሪካን ተቀበለች። ባዶ ጀሪካን ውኃ አይገባም ብሎ ይታገላል፤ ወደ ላይ ይወጣል፣ ይገለበጣል። በሁለት እጇ ያዘችው። አረፋው ጉርጉር እያለ እስኪያልቅ፣ አፉም መያዣውም ከላይ እስከ ታች እስኪሰወር፣ ሙሉ በሙሉ እስኪጠልቅ ድረስ ተጫነችው።